ኩለኒ ቅቤዬን የፈተነችበት ቀን

እጅሽ ይሸተኛል፣ ሲፈን። በሳሙና ታጥበሽም አልለቀቀሽም። ያ ቡኒ መድኃኒት፣ ድሮ ሐኪም ቤት ቁስል ላይ የሚቀቡን፣ እናንተ አዮዲን የምትሉት፣ ጥፍር ሥር ገብቶ ነው የሚቀረው። እኔ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እስቲ ተቀመጪ። ደብተርሽን ገልብጪና ከኋላ በኩል ጻፊልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀበሌ ሄጄ ሲያስፈርሙኝ ጣቴን ቀለም አስነክሬ ነው የምመለሰው። አንቺ ግን እንደምናገረው አድርገሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው። አፌ ወደ ኦሮምኛ ሲሄድብኝም ተይው፣ እንደወጣ ይቀመጥ። ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ «አኮ፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» ብለሽኝ አልነበር? አያትሽ ምን እንደሆነች ልነግርሽ ነው። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አይገባሽም።

ያኔ አንቺ ገና ዳዴ ትያለሽ። ባጃጅ አምቦን ያጥለቀለቀበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ከገበያው እስከ ሁሉቃ ድልድይ ሰው በእግሩ ነበር የሚወርደው፤ ባጃጅ ሲመጣ ግን ሁለት ብር ያለው ሁሉ ጌታ ሆነ። ወጣቱ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ የቻይና ስልክ ደረት ኪሱ ከቶ፣ ዘፈኑን እያስጮኸ ነው የሚሄደው። መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን የሚጭን ልጅ ነበረ፤ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የኦሮምኛውንም የአማርኛውንም እየቀላቀለ ይሞላላቸዋል። ሠርግ በደረሰ ጊዜ አንዱ ዘፈን ከየቤቱ፣ ከየባጃጁ፣ ከየኪሱ ይወጣና ከተማው በሙሉ የአንድ ሰው ሠርግ ይመስል ነበር። ለጋ ቅቤ ኪሎው መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣ ለፋሲካ ሲያብድ መቶ ስድሳ ይገባ ነበር። ያኔ እኮ ተቃጠልን እንል ነበር። ዛሬ በዚያ ብር ሩብ ኪሎ ስጡኝ ብትያቸው ይስቁብሻል። ዛሬ ስልኩም ዘፈኑን ለየጆሮው ብቻ ነው የሚነግረው፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ደፍነው ነው አጠገብሽ የሚያልፉት።

እኔ ቅቤ ተራ ነበርኩ። አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ያኔ ሜዳ ነው፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረድፍ እንቀመጣለን፣ እያንዳንዳችን ገበቴያችንን ከፊታችን አድርገን። ቅቤው ከእንጭኒ በኩል ነው የሚመጣልኝ፤ እዚያ ላሙም ሣሩም ሌላ ነው። የገጠር ሴቶች በትንሽ በትንሹ ያመጡታል፣ እኔ ቆንጥሬ አሸዋለሁ፣ አሸታለሁ፣ ምላሴ ላይ አደርጋለሁ። ዘይት የገባበት ይንሸራተታል፤ ሙዝ የገባበት ወደ ኋላ ይጣፍጣል። ደስ ካላለኝ «እናቴ፣ ይሄን ወደ ቤትሽ መልሺው» ብዬ እሰጣታለሁ እንጂ አልቀላቅልም። ከዚያ የተቀበልኩትን አንድ ላይ ለውሼ፣ እንደ ገዢው አቅም በግማሽም በሩብም እየጠቀለልኩ እሸጣለሁ። አራስ ያለበት ቤት፣ ሙሽራ የሚያወጣ ቤት፣ ያለ እኔ አይሄድም ነበር። «የአደ ጌጤ ነው?» ብለው ነው የሚጠይቁት። አደ ማለት እንግዲህ በኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ያቺን ስም ሰው በራሱ ነው ያወጣልኝ፣ እኔ አልለመንኩም።

የምጠቀልልበት ኮባ ነው፣ የእንሰት ቅጠል። ያንን የምታመጣልኝ ከሐሮ ወንጪ በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። እሷ ዋና ሥራዋ ቡላ ነው፤ ያንን ከእንሰት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የሚሆነውን ለገንፎ ትሸጣለች። ቅጠሉን እሷው ቡላው ጆንያ ላይ አስራ፣ አህያ ላይ ጭና ታመጣልኛለች። እኔ እሳት ላይ ለብ አድርጌ አለሰልሰዋለሁ፣ ከዚያ በደረቅ እጄ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቅቤውን እጠቀልልበታለሁ። ውሃ አናስነካውም። እናቴም አላስነካችም፣ እናቷም። ቅጠሉ ከታጠበ ቅቤው ይሻግታል ነው የምንለው። ረድፉ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ይሄን ለይተሽ ጻፊው። ያኔ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ብጠየቅ እናገር ነበር። የሚደበቅ ነገር ነው እንዴ?

አዳዳሽ ኩለኒ፣ የአባትሽ ታናሽ፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል ናት። የመጨረሻዬ ናት። ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝና ጠቆር ያለ ጉርድ ነበር የሚያስለብሷቸው፤ ጉርዷን ማታ አጥባ ፍራሽ ሥር አድርጋ ትተኛበታለች፣ ጠዋት የተተኮሰ ይመስላል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄ የማያልቅባት። ኬሚስትሪ የሚሉት ነገር የገባት ጊዜ ቤታችን ሆስፒታል ሆነ። ያገኘችውን ሁሉ ትመረምራለች። አመድ ላይ ሎሚ ትጨምቅና ሲንቸፈቸፍ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች። ጨው እሳት ላይ በትና ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን «አየሽ እማ፣ ጨው ስሙን ሲናገር ነው» ትለኛለች። ከምንጩ የሚቀዳውን የሚፈላ ውሃ በኖራ ውሃ ውስጥ አድርጋ እንደ ወተት ሲነጣ አሳየችኝ። ሊትመስ የሚባል ወረቀት ነበራት፣ ሰማያዊው የኮመጠጠ ሲነካው ይቀላል። ያንን ይዛ የሺ ቤት ገብታ ጠላው ውስጥ ነክራዋለች። የሺ ገበያ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው ቅቤ ሻጭ ናት፣ ጎረቤታችንም ናት። በማግስቱ ረድፉ ላይ «ጌጤ፣ ልጅሽ ጠላዬን ወረቀት አስጠጣችው፤ እኔስ ስካሩ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ አየሁ» ስትል ሴቱ ሁሉ በሳቅ ገበቴው ላይ ተደፋ።

እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልበልሽ። እኔ በአፍንጫዬና በምላሴ የማውቀውን እሷ በጠብታ ታውቀዋለች። ማታ ተቀምጠን እንጫወታለን፤ እኔ ዓይኔን እጨፍንና ከሁለት ቦታ የመጣ ቅቤ ታስቀምሰኛለች፣ የትኛው የእንጭኒ እንደሆነ እነግራታለሁ። «እማ፣ አንቺ እኮ ላቦራቶሪ ነሽ» አለችኝ አንድ ቀን። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስትነግረኝ ግን ባሌን ቀሰቀስኩት፣ ፈይሳን፣ ያንን ቃል እንዲሰማ። ያቺን ማታ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅንበት ማታ አላስታውስም።

በዚያ ዓመት ወሬው ሁሉ ባዕድ ነገር ነበር። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ የተቀቀለ ድንች። እውነትም ነበር፣ አልዋሽም፤ በኛም ረድፍ አንዳንዷ ታደርገው ነበር። የነኩለኒ ኬሚስትሪ አስተማሪ ቲቸር ገመቹ ይባላል፣ ወጣት፣ ትሁት ሰው። ልጆቹን ከየቤታችሁ የምትበሉትን አምጡ፣ እንፈትነዋለን አላቸው። ስታርች የሚባል ነገር አለ፣ ድንች ውስጥም ዱቄት ውስጥም ያለ፣ አዮዲን ሲያገኘው ይጠቁራል። ንጹሕ ቅቤ ውስጥ ስታርች የለም፤ ጠብታው ቡኒ እንደሆነ ይቀራል። ይሄን ሁሉ ኩለኒ ናት ያስረዳችኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ክፍሉ ፊት ተነስታ፣ ንጹሑ ምን እንደሚመስል እንድታዩት የእናቴን ቅቤ አመጣላችኋለሁ፣ የሌላውን ከሱ ጋር እናስተያየዋለን አለች። ለሚዛኑ ድንጋይ እኔን አደረገችኝ ማለት ነው። ጠዋት እንደ እንቁላል የምታህል ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደስ ብሏት እየዘለለች ነው የወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እኔ ደጅ ተቀምጬ ቅጠል እለያለሁ። ቦርሳዋን አላወረደችም። ቆማ አየችኝ።

«እማ፣ ቅቤው ላይ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ምን እጨምራለሁ፣ እጄን ነዋ» አልኳት። የምትጫወት መስሎኝ ነው።

«እየቀለድኩ አይደለም። ጠቆረ። የሌላው ሁሉ ቡኒ ሆኖ ሲቀር ያንቺ ጠቆረ።»

ምኑ እንደጠቆረ ወዲያው አልገባኝም። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ። የሰው ቅቤ በየብልቃጡ፣ የኔ መሐል ላይ። ሌሎቹ ልጆች ከየቤታቸው በጣሳና በፌስታል ነበር ያመጡት። ጠብታዋ ስትወርድ የኔ እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። አንዱ ከኋላ «የድንች ቅቤ» አለ፣ ከዚያ ክፍሉ ፈነዳ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብሉት።

«ድንች ነው? ሙዝ ነው? ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

አልቆጣሽም አለችኝ። ልጄ፣ እኔን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማርያምን አልኳት፣ የወለድኩሽ ማህፀኔ ይመስክር አልኳት። መሐላ አልፈለገችም። አዮዲን ማንንም አያውቅም አለችኝ፤ የማን ቅቤ እንደሆነ አያውቅም፣ ካለ ይጠቁራል፣ ከሌለ አይጠቁርም፣ በቃ።

«እኔንስ ታውቂኛለሽ አይደል?» አልኳት።

ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ደጁ ላይ ቅጠሌን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሲፈን፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆዪ፣ ውሃ ስጪኝ።

እሺ። በማግስቱ ራሴ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ባሌ ተይው፣ የልጆች ነገር ነው፣ ይረሳል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሌላ ቅቤ ይዤ ሄድኩ። እዚህ ላይ ነው እግዜር የተወኝ። ከሁሉ የተሻለውን ልውሰድላቸው ብዬ ከእንጭኒው ለጋውን መረጥኩ። ቅጠሉንም አሮጌውን ትቼ፣ ያቺ የወንጪዋ ሴት ያን ጠዋት ካወረደችልኝ፣ ገና እሳት እንኳ ካልነካው፣ ሰፊ አረንጓዴውን መረጥኩ። በሙሽራ ደንብ ጠቀለልኩት። ቲቸር ገመቹ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ፣ በኦሮምኛ ሃርሜ፣ እናቴ፣ አለኝ፤ እኔ አልከሰስኩዎትም፣ ልጆቹ ያዩትን ነው ያዩት አለኝ። ድጋሚ ፈትኑልኝ አልኩት። ኩለኒ ትፈትነው አልኩት። ክፍሉ ሞልቷል፣ በመስኮት ሳይቀር ይመለከታሉ።

ልጄ መጣች። ቀና ብላ አላየችኝም። ኮባውን ፈታች፣ በማንኪያ ጫፍ ከላይ ከላይ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ብልቃጡ ውስጥ ጨመረች፣ የሞቀ ውሃ አፈሰሰችበት። ያንን ቡኒ መድኃኒት በቀጭን ጎማ መጠጠችና አንድ ጠብታ ጣለች። ክፍሉ በሙሉ በዚያ ሽታ ተሞልቶ ነበር። እኔ ወደ ብልቃጡ አላየሁም፣ ወደ ፊቷ ነው የማየው። ስለዚህ የጠቆረውን መጀመሪያ ያየሁት ፊቷ ላይ ነው። ከትናንቱም ባሰ አሉ፤ ከሰል መሰለ አሉ። አንድም ልጅ አልሳቀም፤ የዚያን ቀን ቢስቁ ደስ ይለኝ ነበር። ቲቸር ገመቹ ልጆቹን አስወጣቸው። እኔ ድንች ቤቴ አልገባም፣ ሙዝ አልገባም፣ ዱቄት አልነካሁም እያልኩ እምላለሁ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ቡላ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቡላ ስታርች መሆኑን እኔ ከየት ላውቅ፤ እሱም ከቆላ የመጣ ልጅ ነው፣ እንሰት ቤቱ የሌለ። ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር እኮ፣ ሲፈን። ነጩ ዱቄት ላዩ ላይ እያለ። ሁላችንም ቆመን ብልቃጡን እናያለን።

ወሬ እግር አያስፈልገውም። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ እናት አለው። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሰው ሰላም ይለኛል፣ ጤና ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ከሌላዋ ገዝቶ ይሄዳል። ልጇ አራስ የሆነች አንዲት ደንበኛዬ የወሰደችውን ሁለት ኪሎ ሳይፈታ መለሰችልኝ፤ ሐኪም ቅቤ ከለከላት አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። ጎረምሶች በባጃጅ ሲያልፉ የድንች ቅቤ ስንት ነው ይሉኛል። ይሄንን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የሺን ነው። አጠገቤ ስንት ዓመት የተቀመጠች፣ ስወልድ ያረሰችኝ ሴት፣ አንድ ቅዳሜ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ።

«ጌጤ፣ ማሎ፣ ገበቴሽን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊልኝ። ሰው ያንድ ሴት ቅቤ ይመስለዋል።»

ማሎ እባክሽ ማለት ነው። በኦሮምኛ የለመነችኝ እንዳይከብደኝ ብላ ነው፤ የልብ ነገር በሱ ነበር የምንጫወተው። ገበቴዬን ፈቀቅ አደረግኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ፈቀቅ በይ አለችኝ። እንደዚያ እንደዚያ ሲል ረድፉ ጫፍ ደረስኩ። ከጫፉ ቀጥሎ ሽንኩርት ተራ ነው፤ ሽንኩርት መሸጥ ጀመርኩ። እስካለፈው ዓመት ሽንኩርት ነበር የምሸጠው፣ ታውቂ የለ፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ። ገበቴውን ለገጠር ዘመዶች ሰጠሁት፤ ምን እንዳደረጉበት አላውቅም።

ይሄ ግን ገበያ ነው። ገበያ ይመጣል ይሄዳል። ቅቤዬን ሳይሆን ልጄን ነው ያጣሁት፤ ይሄንን አጥብቀሽ ጻፊው። አልጮኸችብኝም፣ አልተጣላችኝም፤ ብትጣላኝ እንታረቅ ነበር። ዝም ብላ ራቀች። የሠራሁትን ትበላለች፣ ግን እንደ ሆቴል ምግብ ቀስ ብላ አይታ ነው የምትበላው። ማታ ማታ ቅቤ ማስቀመሱ ቀረ። ሊትመሱንም፣ ሎሚውንም፣ የጨዉንም ነበልባል ለቤቱ ማሳየት አቆመች። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ጉደር አጎቷ ቤት ሆኜ ልማር አለች። ጉደር እዚህ ነው እኮ፣ ቅርብ ነው፣ ባጃጁም ታክሲውም ሞልቷል። ግን ለበዓል ብቻ ነበር የምትመጣው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ደረሳት። ኬሚስትሪ መረጠች። ያንን የሰማሁ ቀን ደስ አለኝ፤ ትምህርቱ ሲበዛ ያቺን ጠብታ ትመረምራታለች፣ ምን እንደሆነች ታውቃለች፣ ያን ቀን አውቶቡስ ይዛ ትመጣለች አልኩ። ይሄንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እጠብቅ ነበር፣ በቃ።

መጠበቅ ደግሞ በዚያ ጊዜ ቀላል ነበር። መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ልጆች ከቤት የማይወጡበት ዘመን ነበር፤ አንቺም ትዝ ይልሻል፣ ትምህርት ቤት ሳትሄጂ የከረምሽበት። ሰው ሁሉ ልጁን ይጠብቃል። ለምን አልመጣችም ሲሉኝ መንገዱ እላለሁ፣ ይገባቸዋል። መንገዱ ሲከፈት ኔትወርኩ እላለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ፣ ልትመረቅ ስትል፣ መጣች። ሦስት ቀን ተቀመጠች፣ ከሴቶቹ ጋር አለቀሰች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ወግ አላጎደለችም። ሠልስት ላይ ቅቤ የገባበት ፍርፍር ሲቀርብላት ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ አጠገቧ ሴት ገፋችው። ማንም አላየም። እኔ አየሁ። ቅቤው እንኳ የኔ አልነበረም፣ ጎረቤት ነው ያመጣው። ስትሄድ አቀፈችኝ፤ እንደ እንግዳ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ። ከዚያ ባኮ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። ባኮ ሞቃት ነው ትላለች፣ በቆሎው ያምራል ትላለች፣ በስልክ ብር ትልካለች። ጠዋት የወጣ አውቶቡስ ምሳ ሳይደርስ ነው ባኮ የሚገባው። ከዚያ ወዲህ ይቺን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

እንግዲህ አንቺ። አዳዳ ለምን አትመጣም ብለሽ የጠየቅሽኝ ጊዜ፣ ለዚህ ቤት ሰው ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነገርኩሽ። አንቺም አልሳቅሽም። ቅቤውን በምን ነበር የምትጠቀልይው አልሽኝ። ያንን ጥያቄ እዚህ አምቦ ከተማ ውስጥ፣ ቲቸሩም ልጄም ገበያውም፣ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ትናንት ከቡላ ሻጮቹ ኮባ ገዝተሽ መጣሽ፤ እንደድሮው ነው የሚያመጡት፣ ጆንያው ላይ አስረው። ከአስተማሪሽ ለምነሽ ያመጣሽውን አዮዲን ቅጠሉ ላይ ጣልሽ። ጠቆረ። ቅቤውን ከፌስታል አውጥተሽ በቢላ ለሁለት ከፍለሽ መሐሉ ላይ ጣልሽ። ቡኒ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ያንኑ ቅቤ በቅጠሉ ጠቅልለሽ ፈታሽና ላዩን ፍቀሽ ፈተንሽው። ጠቆረ። «አኮ፣ ዱጋ ኬቲ» አልሽኝ፤ እውነት ያንቺ ናት፣ ተፈርዶልሻል። እየዘለልሽ ነበር። እኔ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ ነበር። ገበያ ወጥቼ ለሁሉም አሳያለሁ አልሽ። ለማን ታሳያለሽ? የሺ ከሞተች ሁለት ክረምት አለፋት። ተራው ፎቅ ሆኗል። ያ «የድንች ቅቤ» ያለኝ ጎረምሳ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጉልበቴን ስሞ ነው የሚያልፈው፣ እንዳለኝም ረስቶታል። እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ደውይላት አልኩሽ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ድምፁን ከፈትሽው። ነገርሻት፣ ቅጠሉን፣ ቡላውን፣ መሐሉንና ላዩን፣ አንድም ሳታስቀሪ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎሽ ሃሎ፣ ሃሎ አልሽ። እሷ ግን ነበረች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አውቃለሁ፣ ሲፉ» አለች። «ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው ያወቅሁት።»

አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

«ኩለኒ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርሽ ነበር፣ እማ። ለዕረፍት ስመጣ ልንገራት አልኩ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በስልክ አይሆንም አልኩ። ከዚያ… እኔ እንጃ። እየቆየ ሲሄድ ራቀብኝ።»

አባቷ ሲሞት መጥታ ስትመለስ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሳህኑን የገፋችው እያወቀች ነው። አፍራ ይሁን፣ ጠልታኝ ይሁን፣ ወይ ደግሞ ዝም ብላ ሳይርባት ይሁን፣ ሂን ቤኩ፣ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ነይ አልኳት። አሁን ነይ፣ ልጄ፣ ምንም የለም፣ ነይ ብቻ አልኳት። ፈተና ላይ ነኝ አለች፣ የልጆቹን ወረቀት አርሜ ስጨርስ እስቲ እናያለን አለች። እናያለን። ከዚያ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ጉልበትሽስ፣ መድኃኒቱን ትወስጃለሽ ብላ ሁሉንም በየተራው ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት። ዘጋችው።

አንቺም «አኮ፣ ደስ አላለሽም እንዴ?» አልሽኝ። ነጻ ወጣሽ እኮ አልሽኝ። እኔም ዝም አልኩሽ። እንግዲህ የዝምታዬ ነገር ይሄ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ልጄ የማትመጣው እናቴ አጭበርብራ ቅቤ ሸጣለች ብላ ነው እል ነበር። ያ ምክንያቴ ነበር። ይዤው እተኛለሁ፣ ይዤው እነሳለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ጠብታውን ይገልጠዋል፣ እውነቱ ይወጣል፣ እሷም ትመጣለች። እውነቱ ወጥቶ ኖሯል፤ እሷ ዘንድ ስንት ዓመት ተቀምጧል። ለካ የምጠብቀው ምንም ነገር አልነበረም። አንቺ ክፉ አልሠራሽም፣ ሲፈን፣ ጎበዝ ነሽ፣ አስተማሪሽም ያመስግንሽ። ግን ትናንት ጠዋት ልጄ ለምን እንደማትመጣ ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። ዛሬ የለኝም።